ካርታው ላይ ያለው ቀይ ቀስት፦ የጥንት ሰዎች ከአፍሪካ የወጡት ምን ፈልገው ነው?

የታናሿ_እናት፦

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ጥያቄው የልጅ ነው፤ መልሱን ግን እኔም አጣሁት።

ልጄ የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ናት። መጽሐፏ ላይ የዓለም ካርታ አለ። ከምሥራቅ አፍሪካ ቀይ ቀስት ይነሳል። አንዱ ቅርንጫፍ ወደ አውሮፓ ይታጠፋል፣ ሌላው በእስያ አድርጎ አውስትራሊያ ይገባል። የመጨረሻው ሳይቤሪያን ያቋርጥና አሜሪካን ከላይ እስከ ታች ይወርዳል። ከየቀስቱ ጎን ቁጥር አለ፤ ይህን ያህል ሺህ ዓመት እያለ።

ልጅቷ ካርታውን ትክ ብላ ስታይ ቆየችና «እማዬ፣ አውስትራሊያ መኖሯን ማን ነገራቸው?» አለችኝ። «ምግብ ፍለጋ ነው የሄዱት» ብዬ ልገላገላት ስል፣ «እዚህ የነበረው ምግብ አልቆ ነው? ታዲያ የቀሩት ምን በሉ?» አለች። አፌን አስያዘችኝ።

ከዚያ ወዲህ እኔንም ከነከነኝ። ኢንተርኔት ላይ ሳነብ አንዱ 200,000 ዓመት ይላል፣ አንዱ 60,000 ይላል፣ አንዱ ሁለት ሚሊዮን ይላል። ሁሉም ትክክል ሊሆኑ አይችሉም መቼም። ደግሞ ባሕሩን በምን ተሻገሩት? ሲደርሱስ ባዶ መሬት ነው ያገኙት ወይስ ሰው ነበረበት? የሚያውቅ ሰው ለልጅ በሚገባ ቋንቋ ቢያስረዳኝ ውለታው አይረሳኝም።

ቆፍጣናው፦

ድርቅ ነው። ዝናብ ሲጠፋ ሰው ይሰደዳል፤ ዛሬም ያው ነው። ምንም የሚያወዛግብ ነገር የለውም።

ወረንጦ፦

እህቴ፣ ልጅሽ ዋናውን ነገር ነው የነካችው። ጥፋተኛው ቀስቱ ነው። ቀስት ሲሣል መነሻ አለው፣ መድረሻ አለው፣ መሃል ላይ የሚጣደፍ ሰው ያለ ያስመስላል። «ዛሬ ከአፍሪካ ወጣሁ» ያለ ሰው ግን አልነበረም። ቀስቱን የሣልነው እኛ ነን፣ ሁሉም ካለቀ በኋላ።

ምሁር አይደለሁም፤ ቀድሜ ልናገር። ከቁፋሮ ቡድኖች ጋር እየዞርኩ ዕድሜዬን የጨረስኩ የመስክ ሠራተኛ ነኝ፤ ጡረታዬም ደርሷል። ሥራዬ አፈር በወንፊት መንፋትና ወንፊቱ ላይ የቀረችውን ነገር በወረንጦ መልቀም ነው። የባልጩት ስባሪ፣ የዓሣ አከርካሪ፣ የሰጎን እንቁላል ቅርፊት። ማታ ማታ ደግሞ ተመራማሪዎቹ ሲጨቃጨቁ አዳምጣለሁ። ዕውቀቴ ከሁለቱ የተቃረመ ነው።

ነገሩን እንዲህ አስቢው። ሃያ ሠላሳ ሰው የሚሆን አንድ ቡድን ወንዝ ዳር ሰፍሯል። አደኑ ሲሳሳ ወደሚቀጥለው ሸለቆ ይሻገራል። አንዱ ጎረምሳ ከማዶ ካለ ቡድን ሚስት ያገኝና እዚያው ይቀራል። ሁለት ወንድማማቾች ይጣሉና አንደኛው ቤተሰቡን ይዞ ይለያል። በቃ፣ ይኸው ነው። በዚህ አካሄድ በዓመት በአማካይ 1 ኪሎ ሜትር ብቻ ቢገፉ፣ በ15,000 ዓመት 15,000 ኪሎ ሜትር ሆነ። ከአፍሪካ ቀንድ ተነስቶ የባሕሩን ዳርቻ ተከትሎ አውስትራሊያ አፋፍ ለመድረስ በግምት ይህ ይበቃል። ከመሃላቸው አንድም ሰው ግን ረጅም መንገድ የሄደ አይመስለውም። አውስትራሊያ መኖሯን የነገራቸው የለም። የሚያዩት የሚቀጥለውን ኮረብታ ነው።

ስለቀሩት ደግሞ፣ አብዛኛው ሰው የቀረው ነው። ይህን ለልጅሽ አስምረሽ ንገሪያት። የወጡት ጥቂቶች ናቸው። ዛሬ ከየአገሩ ሰው ናሙና ተወስዶ ዲኤንኤ ሲታይ፣ ትልቁ ልዩነት ያለው እዚሁ አፍሪካ ውስጥ ነው። ከአፍሪካ እየራቅሽ በሄድሽ ቁጥር ልዩነቱ እየሳሳ ይሄዳል፣ ደቡብ አሜሪካ ስትደርሺ ደግሞ ይበልጥ ይሳሳል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። በየደረጃው ተለይቶ የሚሄደው ከቡድኑ ጥቂቱ ስለሆነ፣ ይዞት የሚሄደውም ዘር ጥቂቱን ነው።

አሁን ወደ ቆፍጣናው። ወንድሜ፣ ድርቅ ያልከው ግማሹ ልክ ነው፤ ግን አገላብጠህ ነው የያዝከው። በአፍሪካና በቀረው ዓለም መካከል ሰሃራና የዓረብ በረሃ ተጋድመዋል። ድርቅ ሲሆን እነሱ ይሰፋሉ፤ በሩ ይዘጋል። በሩ የሚከፈተው ሲዘንብ ነው። ምድር በዛቢያዋ ላይ ቀስ እያለች ትወዛወዛለች፤ አንዱ ዙር ከ20,000 ዓመት ትንሽ ይበልጣል። በዚህ የተነሳ የክረምቱ ዝናብ አንዳንዴ ወደ ሰሜን ጠልቆ ይገባል። ያኔ ዛሬ አሸዋ ብቻ የሆነው ቦታ ሐይቅና የሣር ሜዳ ይሆናል። ሳውዲ ዓረቢያ ውስጥ ነፉድ በሚባለው በረሃ፣ አል ዉስታ የምትባል ቦታ ላይ አንዲት የሰው ጣት አጥንት ተገኝታለች። ርዝመቷ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ዕድሜዋ ከ85,000 እስከ 90,000 ዓመት ይገመታል። ከእሷ ጋር ምን ተገኘ መሰላችሁ? የጉማሬ አጥንት። ጉማሬ ያለበት ቦታ በረሃ አይባልም።

እህቴ፣ ቁጥሩ የተምታታብሽም እዚሁ ላይ ነው። አወጣጡ አንድ ጊዜ አልነበረም። እስራኤል ውስጥ ቀርሜሎስ ተራራ ላይ ሚስሊያ የሚባል ዋሻ አለ። እዚያ የተገኘ የላይኛው መንጋጋ ግማሽ፣ ከነጥርሱ፣ ከ177,000 እስከ 194,000 ዓመት ሆኖታል ተባለ። የኛው ዓይነት ሰው ነው። ስኹልና ቃፍዘህ በተባሉት ዋሻዎች ደግሞ ከ120,000 እስከ 90,000 ዓመት ድረስ ሰዎች ነበሩ፤ ሬሳም ቀብረዋል። ከዚያ ጠፉ። በኋላ በዚያው አካባቢ የምናገኘው ኒያንደርታሎችን ነው፤ የእኛ ዘመድ የሆኑ፣ ዛሬ የጠፉ ሌላ የሰው ዓይነት ናቸው። ስለዚህ አንዳንዱ መውጣት መጨረሻው ሞት ወይም መመለስ ነበር። ዛሬ ከአፍሪካ ውጭ ያለው ሕዝብ ዘሩ በአብዛኛው የሚመዘዘው በኋላ ከወጣው፣ ከ50,000 እስከ 60,000 ዓመት አካባቢ ካለው ማዕበል ነው። 200,000 የሚለውም 60,000 የሚለውም ያልዋሹት ለዚህ ነው። አንዱ መጀመሪያ ብቅ ያለውን ይቆጥራል፣ ሌላው የጸናውን።

የመጨረሻው ለምን ጸና? እኔን ሁሌ እንቅልፍ የሚነሳኝ ጥያቄ ይህ ነው።

ሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ውስጥ፣ መተማ አጠገብ፣ ሽንፋ ወንዝ ዳር የተቆፈረ ቦታ አለ። ውጤቱ የታተመው በ2024 እ.ኤ.አ. ነው። ኢንዶኔዥያ ውስጥ ቶባ የሚባለው እሳተ ገሞራ ከ74,000 ዓመት በፊት ፈንድቶ ነበር። ትልቅ ፍንዳታ ነው፤ የሰውን ዘር ሊያጠፋ ምንም አልቀረውም ሲባል ኖሯል። የዚያ አመድ ብናኝ ከ6,000 ኪሎ ሜትር በላይ በነፋስ ተጉዞ ሽንፋ አፈር ውስጥ ተገኘ። ብናኝ ስል በዓይን የሚታይ አይደለም። ከሰው ፀጉር የቀጠነ መስታወት ነው፤ በላቦራቶሪ አፈሩን በኬሚካል እያሟሙ ነው የሚያገኙት። በኔ ወንፊት ቢያልፍ እንኳን አላየውም ነበር።

ሰዎቹ ታዲያ አልጠፉም። ከአመዱ በታችም በላይም ዕቃቸው አለ። የሰጎን እንቁላሉ ቅርፊት ሲመረመር ዘመኑ ደረቅ እንደነበር ያሳያል። ሰዎቹ ምን አደረጉ? ዓሣ አበዙ። የሽንፋ ዓይነት ወንዝ በበጋ ይቆራረጣል፤ ውሃው እየተለያየ ኩሬ ኩሬ ይሆናል። ዓሣው እዚያ ይታጎራል፣ ለመያዝም ይቀላል። አንዱ ኩሬ ሲያልቅ ወደ ሚቀጥለው ኩሬ። እንደዚህ እያሉ ወንዙን ተከትለው ይርቃሉ። ቆፍጣናው፣ እዚህ ላይ ነጥብ ታገኛለህ፤ ተመራማሪዎቹ በደረቅ ዘመንም እንዲህ ያለ ወንዝ መንገድ ሊሆን ይችላል ባይ ናቸው። እዚያው ቦታ ትንንሽ ባለ ሦስት ማዕዘን የድንጋይ ጫፎችም ተገኝተዋል። የቀስት ጫፍ ሳይሆኑ አይቀሩም ተብሏል።

ሌላም ልጨምር። ባሌ ተራሮች ላይ ፍንጫ ሀበራ የሚባል የድንጋይ ጥላ አለ፤ ከ3,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ። አየሩ የሳሳ፣ ሌሊቱ በረዶ። ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት ባለው ጊዜ ሰው ኖሮበታል። ምን እየበላ? ግዙፉን ፍልፈል። የተጠበሰ አጥንቱ በሽበሽ ነው። ባልጩታቸውን ከዚያም በላይ ካለው ተራራ እየወጡ ያመጡ ነበር። ሰው የሚፈልሰው ወደ ሰሜንና ወደ ምሥራቅ ብቻ ነው ያለው ማነው? ወደ ላይም ይፈልሳል።

በ2025 ኤሚሊ ሃሌትና ኤሌኖር ሼሪ ያሉበት ቡድን ከመላው አፍሪካ የተሰበሰበ መረጃ አገጣጥሞ ያየው ነገር ከዚህ ጋር ይገጥማል። ከ70,000 ዓመት ገደማ ጀምሮ ሰው ቀድሞ የማይደፍረውን ቦታ መድፈር ጀመረ ይላሉ፤ ጥቅጥቅ ያለውን ደንም፣ ደረቁን በረሃም። የቀደሙት የወጡት አረንጓዴ መንገድ ተከትለው ነው፤ መንገዱ ሲደርቅ አብረው ደረቁ። የኋለኞቹ ግን ዓሣም ፍልፈልም መብላት የለመዱ፣ ብርድም ሐሩርም የቻሉ ናቸው። ገና አፍሪካ ውስጥ ሳሉ የሠለጠኑ ናቸው ማለት ይቻላል። እኔም ይህ አሳማኝ ይመስለኛል።

ድንቅነሽ_አያቴ፦

ጋሼ ወረንጦ፣ ጽሑፍዎ ደስ ይላል። ግን አንድ ነገር ዘለሉ። ሉሲ እያለች ስለ እስራኤል መንጋጋ ምን አስወራን? የሰው ዘር መገኛ እኛ ነን፣ አለቀ። አሁን ደግሞ ሞሮኮ ነው የሚሉ ተነስተዋል። ይህ ነገር ሆን ተብሎ እኛን ለማሳነስ አይመስልዎትም?

ወረንጦ፦

አይመስለኝም ልጄ። ደግሞ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ተደባልቀውብሃል፤ ብዙ ሰው ላይ ይደባለቃሉ።

ድንቅነሽ 3.2 ሚሊዮን ዓመቷ ነው። በ1974 እ.ኤ.አ. ሀዳር ላይ ተገኘች። ቀጥ ብላ ትሄዳለች፣ አንጎሏ ግን ከቺምፓንዚ ብዙም አይበልጥም። የእሷ ወገን ከአፍሪካ ውጭ አንድም ቦታ አልተገኘም። ስለዚህ ካርታው ላይ ያለው ቀስት እሷን አይመለከትም።

ሁለተኛው ሆሞ ኢሬክተስና መሰሎቹ ናቸው፤ ከእኛ በፊት የነበሩ የሰው ዓይነቶች። እኅታችን ያየችው ሁለት ሚሊዮን የሚለው ቁጥር ወደዚህ የሚጠጋ ነው። ጆርጂያ ውስጥ ድማኒሲ በሚባል ቦታ 1.8 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የሆናቸው አምስት የራስ ቅሎች ተገኝተዋል። አንደኛው ጥርሱ ከሞላ ጎደል ሁሉ ረግፎ፣ ድዱም ድኖ ነው የተገኘው። ጥርስ ሳይኖረው ዓመታት ኖሯል ማለት ነው። ምናልባት ሌሎች ያበሉት ነበር፤ ምናልባትም ለስላሳ ነገር ፈልጎ ይበላ ነበር።

ሦስተኛው እኛ፣ ሆሞ ሳፒየንስ። እዚህ ላይ ነው ሞሮኮ የሚመጣው። ጀበል ኢርሁድ 300,000 ዓመት ገደማ፣ የኦሞ ኪቢሹ ሰው ቢያንስ 230,000 ገደማ፣ አፋር ውስጥ ኸርቶ ላይ እነ ብርሃነ አስፋው ያገኟቸው 160,000 ገደማ። የኢርሁዶቹ ፊታቸው እንደኛ ነው፤ የራስ ቅላቸው ጀርባ ግን ገና ረዘም ያለ ነው። ስለዚህ ዛሬ ብዙዎቹ አንድ መንደር መፈለጉን ትተዋል። በመላው አፍሪካ የተበተኑ ቡድኖች ነበሩ፤ በረሃ ሲሰፋ ይለያያሉ፣ ዝናብ ሲመለስ ይገናኛሉ፣ ይጋባሉ። እኛ የዚያ ድምር ነን። ኦሞና ኸርቶ ከድምሩ ውስጥ ትልቅ ቦታ አላቸው፤ ማንም አልነጠቃቸውም።

የቀድሞ_መርከበኛ፦

የባሕሩን ጥያቄ እኔ ልውሰደው፤ ጋሼ ወረንጦ የብስ ላይ ይቆዩልን።

መጀመሪያ የዛሬውን ካርታ እርሱት። በበረዶው ዘመን ውሃው በትላልቅ ግግር በረዶ ተይዞ ስለነበር የባሕሩ ጠለል በጣም ወረደ። በመጨረሻው ትልቅ ቅዝቃዜ፣ ከ21,000 ዓመት አካባቢ በፊት፣ ከዛሬው 120 ሜትር ገደማ ዝቅ ብሎ ነበር። ባብ ኤል መንደብ ዛሬ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ይሰፋል። ያኔ በጣም ጠብቦ ነበር፤ ሙሉ በሙሉ ግን አልተዘጋም። ሱማትራ፣ ጃቫና ቦርንዮ ከእስያ ጋር አንድ የብስ ነበሩ። አውስትራሊያ፣ ኒው ጊኒና ታዝማኒያም እንደዚሁ አንድ ትልቅ አህጉር ነበሩ፤ ሳሁል ይሉታል።

በሁለቱ መካከል ግን ጥልቅ ባሕር አለ። ጠለሉ የቱንም ያህል ቢወርድ አይደርቅም። ነብርና ዝሆን ያላቸው ደሴቶች በዚህ በኩል፣ ካንጋሩ በዚያ በኩል የቀሩትም በዚሁ የተነሳ ነው። ሰው ግን አለፈ። ከደሴት ደሴት እየዘለለ፣ የመጨረሻዋን ረጅም ዝላይ ደግሞ በየትኛውም መንገድ ቢሄድ ወደ 90 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ክፍት ውሃ ማቋረጥ ነበረበት።

በምን? ጀልባው አልተገኘም። ቀርከሃም ቅርፊትም ቢሆን ይበሰብሳል፣ የቆሙበት ዳርቻም ዛሬ ባሕር ውስጥ ነው። ባሕር ላይ የኖረ ሰው ግን አንድ ነገር ያውቃል። ደሴት ራሱ ሳይታይ ምልክቱ ይታያል። ተራራማ ደሴት ላይ ከሰዓት በኋላ ደመና ይቆለላል፤ በዙሪያው ያለው ሰማይ ጠርቶ እሱ ብቻ ንቅንቅ አይልም። ማታ ወደ ጎጆው የሚመለስ ወፍ አቅጣጫ ይነግርሃል። ሰደድ እሳት ካለ ጭሱ ከሩቅ ይታያል። እኔ ጀማሪ ሳለሁ አንድ ሽማግሌ የመርከብ ሰው ካርታውን ሳይገልጥ «ከዚያ ደመና ሥር መሬት አለ» ብሎኝ ነበር፤ ነበረም። እነዚያ ሰዎች ደግሞ በዚያ ዳርቻ ለብዙ ትውልድ ዓሣ ሲያሰግሩ የኖሩ ናቸው። ከኔ በላይ ያውቁታል።

«ግንድ ላይ ተቀምጠው ማዕበል ወሰዳቸው» የሚል አለ። አይመስለኝም። በ2019 የወጣ የስሌት ጥናት፣ ሳሁል ላይ የሚጸና ሕዝብ ለመፍጠር ቢያንስ 1,300 ሰው መግባት ነበረበት ይላል፤ በአንዴም ይሁን በብዙ መቶ ዓመት ውስጥ እየተከፋፈለ። ይህን ያህል ሰው፣ ሴቶችም ልጆችም ያሉበት፣ በድንገት ተንሳፍፎ አይደርስም። አስበውበት ነው የተሻገሩት። አንቺ እህቴ፣ ለልጅሽ «ደመናውና ጭሱ ነግሯቸዋል» በያት።

የታናሿ_እናት፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። «ደመናው ነገራቸው» የምትለዋን ወዳዋለች፤ ደብተሯ ላይ ሥላ አሳየችኝ። ጋሼ ወረንጦ፣ ካላስቸገርኩዎ የቀረውን ይጨርሱልኝ። እዚያ ሲደርሱ ሰው ነበረ? አሜሪካስ እንዴት ሆነ? ደግሞ የሄደ ሁሉ ሄዶ ቀረ ወይስ የተመለሰም አለ?

ወረንጦ፦

ምን ችግር አለው እህቴ።

ሰው ነበረ። አውሮፓና ምዕራብ እስያ ላይ ኒያንደርታሎች ነበሩ፤ ወደ ምሥራቅ ደግሞ ዴኒሶቫን የምንላቸው። ዴኒሶቫኖቹ የታወቁት በ2010 ነው፤ ሳይቤሪያ ዋሻ ውስጥ ከተገኘች የአንዲት ልጅ ትንሽ ጣት አጥንት። አጥንቷ ፍርፋሪ ናት፣ ዲኤንኤው ግን ተነበበ። ይህን ሥራ የመሩት ስቫንቴ ፔቦ በ2022 ኖቤል ተሸልመውበታል።

ተገናኝተው ምን ሆኑ? ተጋቡ፣ ወለዱ። ዛሬ ከአፍሪካ ውጭ መነሻ ያለው ሰው ከዲኤንኤው 2 በመቶ ያህል ከኒያንደርታል የመጣ ነው። የፓፑዋ ሰዎች በዚህ ላይ ከዴኒሶቫን እስከ 4 እና 5 በመቶ ይጨምራሉ። ቲቤቶች ከፍታ ላይ ሳይታመሙ የሚኖሩበት ዘረመል ሳይቀር ከዴኒሶቫን የተወረሰ ነው። ሳይቤሪያው ዋሻ ውስጥ ደግሞ እናቷ ኒያንደርታል፣ አባቷ ዴኒሶቫን የሆነች የአንዲት ልጅ አጥንት ተገኝቷል። 90,000 ዓመት ገደማ ሆኖታል። እስካሁን የተለቀመው የጥንት ሰው አጥንት በጠቅላላው ጥቂት ነው፤ ከዚያች ጥቂት ውስጥ ቀጥታ ቅልቅል መገኘቷ ነገሩ ብርቅ እንዳልነበረ ይጠቁማል።

ሮማኒያ ውስጥ ኦአሰ ከተባለ ዋሻ የተገኘው ሰው ደግሞ ታሪኩ ያሳዝናል። 40,000 ዓመት ገደማ ሆኖታል። ከአራት እስከ ስድስት ትውልድ ወደ ላይ ብቻ ብትቆጥሪ ኒያንደርታል ቅድመ አያት አለው። የኋለኞቹ አውሮፓውያን ግን ከእሱ ሕዝብ የወረሱት ነገር አይታይም። ደርሰው፣ ተጋብተው፣ ወልደው፣ ጠፉ። ካርታ ላይ ለእነሱ ቀስት የለም።

መርከበኛው ወንድሜ፣ ለአንተ አንድ ማንገራገሪያ አለኝ። ሰሜን አውስትራሊያ ማጄድቤቤ በሚባል የቁፋሮ ቦታ ለተገኙ የሰው ዕቃዎች 65,000 ዓመት የሚል ዕድሜ ተሰጥቷል። በ2024 የወጡት የዲኤንኤ ጥናቶች ደግሞ የኒያንደርታሉ መቀላቀል ከ50,500 እስከ 43,500 ዓመት በፊት ባለው ጊዜ ነው ይላሉ። የአውስትራሊያ ነባር ሕዝብም ያንኑ የኒያንደርታል ድርሻ ይዟል። ከመቀላቀሉ በፊት አውስትራሊያ ከደረሱ ድርሻውን ከየት አመጡት? ወይ የማጄድቤቤ ዕድሜ ይወርዳል፣ ወይ የመጀመሪያዎቹ በኋላ በመጡት ተውጠዋል። እኔ አፈር ስነፋ የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ ድንጋይ በአሸዋ ውስጥ ወደ ታች እንደሚሰርግ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ምስጥ ሲቆፍር ሁሉ ይወርዳል። ስለዚህ ወደ መጀመሪያው አዘነብላለሁ።

አሜሪካ። ለረጅም ጊዜ «ከ13,000 ዓመት በፊት ሰው አልገባም» ነበር ወሬው። ያን ጊዜ ሳይቤሪያና አላስካ በየብስ ተገናኝተው ነበር፤ መሻገሩ ችግር አልነበረም። ችግሩ ካናዳን የሸፈነው ግግር በረዶ ነው። በረዶው ለሁለት ተከፍሎ መንገድ ሲሰጥ ገቡ ተባለ። ከዚያ በ2021 ኒው ሜክሲኮ፣ ዋይት ሳንድስ ላይ የሰው ዱካ ከ21,000 እስከ 23,000 ዓመት ሆኖታል ተብሎ ታተመ። በረዶው ድፍን ብሎ በተዘጋበት ወቅት! ጭቅጭቁ ጦፈ። ዕድሜው የተለካው በውሃ ውስጥ በሚበቅል ተክል ዘር ስለነበር «ተክሉ ከውሃው አሮጌ ካርቦን ስቦ ነው ያረጀ የመሰለው» አሉ ተቺዎች። ተገቢ ጥያቄ ነው። በ2023 በየብስ ዛፍ ብናኝና በአሸዋው ኳርትዝ ደግመው ለኩት፤ ያው ወጣ። እንግዲህ ወይ በረዶው ሳይዘጋ ነው የገቡት፣ ወይ በፓስፊክ ዳርቻ ተጉዘው።

እዚያው ዋይት ሳንድስ ላይ ሌላ የዱካ መስመር አለ፤ ከላይኞቹ ይልቅ ወጣት ቢሆንም ከ10,000 ዓመት በላይ ነው። ለልጅሽ ይህን ንገሪያት። አንዲት ሴት ወይም አንድ ለጋ ወጣት ጭቃ ላይ በጥድፊያ ይሄዳል። ከ1.5 ኪሎ ሜትር በላይ ቀጥ ያለ መንገድ ነው። እግሩ እያንሸራተተው አንዳንዴ እርምጃው ይሰፋል። በየመሃሉ የሕፃን ዱካ ብቅ ይላል፤ ሁለት ሦስት ዓመት የሚሆነው ልጅ። አዝሎት ወይም አቅፎት ይሄድና ሲደክመው ያወርደዋል፣ ከዚያ መልሶ ያነሳዋል። ሲመለስ ያው ሰው በዚያው መንገድ ይመጣል፤ ሕፃኑ ግን የለም። አድርሶት ነው። በመሃል ዱካውን ማሞዝ አቋርጦት አልፏል፣ የሰው መኖር ግድም አልሰጠው። ግዙፉ ስሎዝ፣ ዛሬ የጠፋ ትልቅ እንስሳ፣ ግን ዱካው ጋ ሲደርስ ቆመ፣ በኋላ እግሩ ተነስቶ ዞር ዞር አለ። ሽታው ደርሶት ይሆናል።

የተመለሰ አለ ወይ ላልሽው፣ አለ። ጋሞ ደጋ ላይ ሞጣ የሚባል ዋሻ ውስጥ በ2012 አንድ 4,500 ዓመት የሆነው ሰው ተገኘ። ዋሻው ቀዝቃዛ ስለሆነ ዲኤንኤው አልጠፋም፤ ከጆሮው ሥር ካለው ጠንካራ አጥንት አወጡት። ከአፍሪካ የተነበበ የመጀመሪያው ሙሉ ጥንታዊ ጂኖም፣ ማለትም የአንድ ሰው ሙሉ ዲኤንኤ፣ ነው፣ በ2015። ይህ ሰው ከእስያ የመጣ ድርሻ የለውም። የዛሬ የአፍሪካ ቀንድ ሰዎች ግን አላቸው። ስለዚህ ከእሱ ዘመን ወዲህ ከዚያ ማዶ የመጣ ሕዝብ እዚህ ተቀላቅሏል። ተመራማሪዎቹ መጀመሪያ ይህ ድርሻ እስከ ምዕራብና መካከለኛው አፍሪካ በሰፊው ገብቷል ብለው ነበር። በሶፍትዌር ሥራው ላይ አንድ እርምጃ ተዘሎ መሆኑ ሲታወቅ በ2016 እርማት አወጡ፤ ለአፍሪካ ቀንድ የተባለው ግን ጸንቷል።

ቆፍጣናው፦

እሺ ጋሼ፣ ድርቁን ወስጃለሁ። ግን ይህ ሁሉ ቁጥር እንዴት ነው የሚታመነው? የኦሞውን ሰው ትምህርት ቤት ሳለን 130,000 ነበር የተባልነው፣ ከዚያ 195,000 አላችሁን፣ አሁን 230,000። ነገ ደግሞ ግማሽ ሚሊዮን ልትሉን ነው?

ወረንጦ፦

አጥንቱን በቀጥታ አይደለም የሚለኩት፤ ከላይና ከታች ያለውን ንብርብር ነው። ኪቢሽ ላይ አጥንቱ የተገኘው በ1967 ነው። ያኔ የነበረው መለኪያ ደካማ ስለነበር 130,000 ላይ ቆመ። በ2005 ከእሱ በታች ያለው አመድ ተለክቶ 195,000 ገደማ ወጣ። ከላይ ያለው ወፍራም አመድ ግን እንደ ዱቄት የደቀቀ ነው፤ የሚለካ ክሪስታል አይገኝበትም። ስለዚህ ተመራማሪዋ ሴሊን ቪዳልና ጓደኞቿ የአመዱን ኬሚካል ይዘው የፈነዳውን ተራራ ፍለጋ ሄዱ። ከሻላ እሳተ ገሞራ ጋር ገጠመ፤ ቦታው ከኪቢሽ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። እዚያ ክሪስታል ያለው ድንጋይ አለ፤ ለኩት። 233,000 ወጣ፣ ወደ ላይም ወደ ታችም 22,000 ሊል ይችላል። አጥንቱ ከዚያ አመድ ሥር ስለተገኘ ከአመዱ ማነስ አይችልም። የ2005ቱ የታችኛው አመድ ልክ ከዚህ ጋር ስለማይገጥም እሱ አጠራጣሪ ሆኗል። 2022 ላይ የታተመው ይህ ነው።

ግማሽ ሚሊዮን ይገባል ወይ ላልከው፣ ወደ ታች ያለው ንብርብር እንደ ላይኛው አስተማማኝ ሆኖ እስኪለካ ድረስ «ቢያንስ» እያልክ ጥራው። ከአጥንቱ በታች ላለው አመድ ደግሞ እንደ ሻላ የሚገጥመው ተራራ መፈለግ ነው የቀረው።